«ደሴ» ስድስት ምልክት ስትሆን፦ በዳታቤዝ ውስጥ የተበላሸ የግዕዝ ፊደል

ኮምቦልቻ ያለ አንድ መጋዘን የደንበኞቹን መዝገብ (ዳታቤዝ) ወደ አዲስ ሰርቨር ባዛወረ ማግስት ስሙ ሁሉ የማይነበብ ሆነ። ባለቤቱ «ቫይረስ ገብቶበታል» አሉ። ቫይረስ አልነበረም።

ባዶ ሣጥን ከታየ
ፎንት ነው የጎደለው። ኒያላን የመሰለ የግዕዝ ፎንት ይጫኑ፤ ዳታቤዙን አይንኩት።

ጭረት ያለበት የላቲን ኤ እየተደጋገመ ከመጣ
ይህ በሽታ ይድናል። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው። የዓለምን ፊደላት በሚይዘው አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-8 (UTF-8)፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያውም ሁልጊዜ ኢ1 (E1) ነው። የምዕራብ አውሮፓን ፊደላት ብቻ የሚያውቀው ላቲን-1 ግን ያንን ባይት ጭረት ያለበት ኤ (á) አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ የሁለት ፊደሏ «ደሴ» ስድስት ምልክት ትሆናለች። ማይኤስኪውኤል (MySQL) የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ከ8.0 በፊት የነበሩት ስሪቶች ሌላ ካልታዘዙ የሚይዙት ላቲን-1ን ነው፤ የአሮጌ ኮምፒውተር መዝገብ ላይ ችግሩ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ ባይቱን እንዳለ በሚያሳየው፣ ሄክስ (HEX) በሚባለው ትእዛዝ ይዩት፤ ዓይን ያታልላል፣ ባይት አይዋሽም። ጤነኛው «ደ» ኢ1 8ቢ ቢ0 (E1 8B B0) ነው። ባይቱ ይህ ሆኖ ስሞቹ ያሉበት ዓምድ ላቲን-1 ከተባለ፣ ዓምዱን መጀመሪያ ባይትን ሳይተረጉም እንዳለ ወደሚይዘው ብሎብ (BLOB)፣ ቀጥሎ የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ-8 ወደሆነው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4) ጽሑፍ ይቀይሩት። በቀጥታ ከቀየሩት ጥፋቱ ይደረባል፤ እኔም ቸኩዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የተደረበውን የሚያውቁት ባይቱ ሲ3 ኤ1 (C3 A1) ብሎ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ወደ ላቲን-1 ይመልሱትና በብሎብ በኩል እንደገና ያምጡት። ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትንም ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ማስተካከል አይርሱ፤ አለዚያ ነገ ያው ነው።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከታየ
ሄክሱ የጥያቄ ምልክት ባይት የሆነውን 3ኤፍ (3F) እያለ ከተደረደረ ፊደሉ ሞቷል። ላቲን-1 ግዕዝን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሲመዘገብ ነው የጠፋው። ከቅጂ ካልተገኘ በትእዛዝ አይመለስም። እኛም የጥቂት ቀን ስሞችን ከደረሰኝ ላይ እያነበብን መልሰን ጻፍናቸው።

ፊደሉ ተስተካክሎ ፍለጋው ካልሠራ
ባለቤቱ የሐይቅ ደንበኞችን ፈልገው ግማሾቹን ብቻ አገኙ። የቀሩት «ሃይቅ» ተብለው ተጽፈዋል። ወሎ ውስጥ ሐሰንም ሀሰንም፣ ዐሊም አሊም ሞልቷል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁሉም የተለያዩ ስሞች ናቸው። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይጨምሩ፤ እዚያ ውስጥ ሐ፣ ኀ እና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ ይለወጡ። ዋናው ዓምድ ግን ሰውየው ስሙን እንደጻፈው ይቆይ።