በአደጋ ጊዜ የቀበሌ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ምን እናዘጋጅ? ለጅማ ጽሕፈት ቤቶች

ክረምቱ በርትቶ የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ፣ የቀበሌ ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ዕቅዱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ተጽፎ ማለቅ አለበት።

በቅድሚያ እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ለዩ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ስለዚህ የልደት ምዝገባ ለሳምንት ቢዘገይ መብት አያሳጣም። ለነፃ ሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ የመጣ የበሽተኛ ቤተሰብ ግን እስከ ነገ እንኳ ሊጠብቅ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ማኅተሙ ነው። ማኅተሙ በአንድ ሠራተኛ መሳቢያ ተቆልፎበት ቁልፉ ከእርሱ ጋር ከሄደ፣ ቢሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ለኃላፊውም ለማኅተም ያዡም አንደኛና ሁለተኛ ተወካይ በደብዳቤ ሰይሙ፤ የውክልናውን ወሰን በግልጽ ጻፉ፤ ርክክቡም ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ በመዝገብ ይፈረምበት። ሁለቱ ተወካዮች የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ባይሆኑ ይመረጣል፤ አንዱን ቤቱ ያስቀረ ጎርፍ ሌላውንም እንዳያስቀር።

መዝገቦችን ከመደርደሪያው ታችኛ ረድፍ አንሡ። ዋና ዋናዎቹን ስካን አድርጋችሁ ቅጂውን በሌላ ሕንፃ አስቀምጡ፤ ፍላሹ ከመዝገቡ ጋር አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ድካሙ ከንቱ ነው። መዝገብ ከረጠበ የተጣበቁትን ገጾች በግድ አትላቅቁ፤ ፀሐይ ላይም አታስጡ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ዘርጉት፤ ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል ሥራው አይዘግይ።

ጄኔሬተር ካለ በየወሩ እየተነሣ ይፈተሽ፣ ነዳጁም ይታይ። በቀበሌው ጤና ኬላ ክትባት ካለ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ስላለበት፣ መብራት ሲጠፋ ወዴት እንደሚዛወር ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ማስታወቂያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ስልክ በማይሠራበት ቀን መልእክቱን የሚያደርሱ የእድር ዳኞች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ተጠሪዎች ስምና አድራሻም በወረቀት ይያዝ።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ቀን መርጣችሁ ዕቅዱን ፈትኑት። ኮምፒዩተሩ ይጥፋ፣ ማኅተም ያዡም ከቢሮ ይራቅ፤ ተወካዩ የመጣውን ባለጉዳይ በእጅ ጽሑፍና በቅጽ ያስተናግድ። ሥራው የቆመበትን ቦታ ሁሉ በዚያው ዕለት ጽፋችሁ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የሚያስተካክለውን ሰው ስምና ቀነ ገደቡን አስፍሩ።