ፋይሉን አጥፍቼ ቦታው ለምን አልተመለሰም? ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ለተጫኑበት ኮምፒውተር

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ዊንዶውስና ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ሌላ ሲስተም) አብረው የተጫኑበት ላፕቶፕ ሲመጣ ባለቤቱ ገና ሳይቀመጥ የሚለኝን አውቀዋለሁ፦ «ያን ሁሉ ፊልም አጥፍቼ ዲስኩ አሁንም ሞልቷል ይለኛል።» ሪሳይክል ቢኑንና ዳውንሎድ ፎልደሩን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ከዲ ላይ ብዙ ጊጋ አጠፋችሁ፣ ነጻው ቦታ ግን አልጨመረም

እኔ ጋ ከሚመጡት በአብዛኛዎቹ ላይ ምክንያቱ አንድ ነው። ፋይሉን ያጠፋችሁት ኡቡንቱ ላይ ሆናችሁ ነው። ኡቡንቱ ላይ ዲሊት ስትጫኑ ፋይሉ ወደ ትራሽ፣ ማለትም ወደ ኡቡንቱ ሪሳይክል ቢን፣ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ፋይሉ የነበረው ዲ ላይ (ዊንዶውስም ኡቡንቱም የሚያዩት የዲስኩ ክፍል) ከሆነ ትራሹም የሚፈጠረው እዚያው ዲ ላይ ነው። የፎልደሩ ስም ነጥብ፣ ትራሽ፣ ሰረዝ፣ 1000 ነው። 1000 የመጀመሪያው ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ነው፤ ሌላ ሰው አካውንት ካለው 1001 የሚልም ታገኛላችሁ። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ኡቡንቱ ይደብቀዋል። ዊንዶውስ ደግሞ እንደ ማንኛውም ፎልደር ነው የሚያየው። ሪሳይክል ቢኑን መቶ ጊዜ ባዶ ብታደርጉት አይነካውም።

ጥር ላይ ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ ከቢቸና መጣ። «ወንድምዓለም፣ ነገ ሰርግ አለብኝ፣ ካሜራውን የማወርድበት ቦታ የለኝም» አለኝ። ያለፈውን ዓመት ቪዲዮዎች ለባለቤቶቹ አስረክቦ አጥፍቷቸዋል። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ «ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ቀይረው» ብሎት ብር ይዞ ነበር የመጣው። ይሄ ያናድደኛል። ዲውን ዊንዶውስ ላይ ከፈትኩት፤ ያ ፎልደር ከላይ ቁጭ ብሏል። «የሲስተም መስሎኝ ፈርቼ ነው ያልነካሁት» አለኝ። ፕሮፐርቲስ ስል 187 ጊጋ። ውስጡ ፋይልስና ኢንፎ የሚሉ ሁለት ፎልደሮች አሉ። ፋይልስን ስንከፍት በሙሽሮቹ ስም የተሰየሙት ቪዲዮዎች ተደርድረዋል። ልጁ አንዱን ስም አይቶ ዝም አለ። ቤተሰቡ ፍላሻቸው ጠፍቶባቸው ቪዲዮውን እንደገና ሲጠይቁት «የለም» ብሏቸው ነበር። እሱን አውጥተን ሌላውን አጠፋን።

ስለዚህ ባዶ ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን እዩ። አንዴ ከጠፋ እኔም አልመልስላችሁም።

አጠፋፉ እንዲህ ነው። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ዲን ክፈቱት። ዲ ካልተከፈተ ትራሹ የዚያን ፋይል አያሳይም፣ ባዶ አድርግ ብትሉትም አይደርስበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ትራሽ ውስጥ ገብታችሁ ባዶ አድርጉት። የሌላ አካውንት ከሆነ ወይም ኡቡንቱው ድሮ የጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ፎልደሩን መርጣችሁ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጫኑ። ያለ ሺፍት ካጠፋችሁት ሪሳይክል ቢን ገብቶ ቦታውን እንደያዘ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ኡቡንቱ ላይም ትልልቅ ፋይል በሺፍትና ዲሊት አጥፉ።

ትራሹ አልጠፋም ካለ፣ ወይም ዲ «ማንበብ ብቻ» ከሆነ

ዊንዶውስን ሻት ዳውን ስትሉት በትክክል አልተዘጋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር ግማሽ እንቅልፍ ላይ ይተወዋል፣ ኡቡንቱም እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ መጻፍ ይከለክላል። መከልከሉ ትክክል ነው። በትእዛዝ አስገድዳችሁ አትክፈቱት፤ ዊንዶውስ ያልጻፈው ነገር ይጠፋል፣ ፋይል ይበላሻል። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዲህ አጥታ አይቻለሁ።

ለጊዜው ዊንዶውስ ገብታችሁ ሪስታርት በሉት፤ ሪስታርት በትክክል ይዘጋዋል። ለዘለቄታው ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ ብላችሁ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሃይበርኔት (የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚዘጋው) አብሮ ይጠፋል፣ ዊንዶውስ ያለበት ሲ ላይ የያዘውንም ቦታ ይለቃል። ዊንዶውስ 10 ላይ የሃይበርኔት ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ የራሙን 40 በመቶ ያህል ስለሚሆን 8 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ከ3 ጊጋ በላይ ታገኛላችሁ።

ኡቡንቱ ራሱ ሲሞላ

ተርሚናል ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሱዶ አፕት ክሊን፣ ቀጥሎ ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ ብላችሁ ጻፉ። የወረዱ ፓኬጆችንና አሮጌ ከርነሎችን (የኡቡንቱ እምብርት የድሮ ቅጂዎች) ያጸዳል።

ኡቡንቱን አጥፍታችሁ ሲ አልሰፋም ሲል

ዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ኤክስቴንድ ቮልዩም የሚለው ደብዝዞ ከታየ ነጻው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ሪከቨሪ ፓርቲሽን (ዊንዶውስን ለመጠገን የተያዘ የዲስክ ክፍል) አለ። በኡቡንቱ ፍላሽ አስነስታችሁ ጂፓርትድ በሚባለው ፕሮግራም ታንቀሳቅሱታላችሁ። 100 ሜጋ ገደማ የሆነችውን የኢኤፍአይ ፓርቲሽን አትንኳት፤ ዊንዶውስም የሚነሳው በእሷ ነው። ፓርቲሽን ማንቀሳቀስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ በፍጹም አትሞክሩት። ዳንግላ ላይ መሃል መንገድ መብራት ጠፍቶ ሙሉ ዲስክ የሄደበት ልጅ አውቃለሁ።

ኡቡንቱን ካጠፋችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግራብ ሬስክዩ የሚል ጽሑፍ ላይ ከቆመ ቡት ሜኑ ገብታችሁ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን ምረጡ። የኢኤፍአይ ፓርቲሽን በሌለው የድሮ ባዮስ ማሽን ግን በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ገብታችሁ ቡትሬክ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ፊክስኤምቢአር በሉት።

ፓርቲሽን ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ። መንገድ ላይ 2 ቴራ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍላሽ ላይ ግን አትያዙ። ውስጡ ብዙ ጊዜ ከተጻፈበት እጅግ ያነሰ ነው። ከሞላ በኋላም የተቀበለ መስሎ ይቀጥላል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ኡቡንቱ ላይ ኤፍ 3 የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን ሞልቶ መልሶ እያነበበ እውነተኛ መጠኑን ይነግራችኋል። ባዶውን ሳለ በእሱ ፈትሹት።