ሰብስክሪፕሽኑን ከማቋረጣችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን አውጡ

ፍሪላንስ ዲዛይነሮች፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር ኪስ እየጎዳ ነው። በየወሩ ስለምትከፍሉ ብቻ በፈለጋችሁ ቀን የምትወጡ እንዳይመስላችሁ። የዲዛይን ሶፍትዌር በሚሸጠው አዶቤ ላይ ውሉ ዓመታዊ ከሆነ፣ ከ14 ቀን በኋላ ስታቋርጡ የቀሪዎቹን ወራት ግማሽ ክፍያ ትጠየቃላችሁ። የእድሳቱን ቀን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ዋናው ግን ፋይሉ ነው። የደንበኞቻችሁን ሎጎ ሁሉ ከኢላስትሬተር (የአዶቤ የሥዕል ፕሮግራም) ሌላ ፕሮግራም በሚከፍታቸው በኤስቪጂና በፒዲኤፍ ፎርማት አውጡ። የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ፣ ቀይሩት። እኔ ይህን ዘልዬ የአንድ ካፌ ሎጎ ላይ ፊደሉ ተቀይሮብኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ሠርቼዋለሁ። ከዚያ ያወጣችኋቸውን ፋይሎች ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ክፈቱና አንድ በአንድ እዩት። ኢንክስኬፕ ነፃ ነው፤ ለሎጎ ሥራ በደንብ ይበቃል።