እማዬ ኮረጀች፦ የመስማት ምርመራ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እናቴ 34 ዓመት አስተምራለች። ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች እንኳ ማን አንገቱን እንዳሰገገ ታውቅ ነበር። ባለፈው ዓመት የመስማት ምርመራ ወሰድኳትና ራሷ ኮረጀች።

ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጧት። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ፣ ድምፅ ስትሰማ የምትጫነው ቁልፍ እጇ ላይ። መርማሪዋ ከመስታወቱ ማዶ ናት። እማዬ ዓይኗን ከልጅቷ ክንድ ላይ አልነቀለችም። ክንዷ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ጠቅ። ደግሞ ሲንቀሳቀስ ጠቅ። ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ነቃችባት። ገብታ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። «እናቴ፣ እንደገና እንጀምራለን» አለቻት በትሕትና።

«እንዳልወድቅ»

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው። ምርመራውን እንደ ፈተና ቆጥሮ መግባት። እዚህ ማለፍም መውደቅም የለም። የሚፈለገው ከወፍራሙ 250 ሄርዝ እስከ ቀጭኑ 8000 ሄርዝ ድረስ፣ ጆሯችሁ በየድምፁ ሊሰማው የሚችለውን የመጨረሻ ዝቅተኛ መጠን ማወቅ ነው። ስትሰሙ ድምፁን በ10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሱታል፤ ሲጠፋባችሁ በ5 ይጨምሩታል። እንዲህ ላይ ታች እየተባለ ነው ልኩ የሚገኘው። ስለዚህ ጤነኛ ጆሮ ያለውም ሰው ቢሆን ምንም የማይሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። ዝም ሲል አትደንግጡ። የመስሚያ መሣሪያ ካስፈለገ የሚስተካከለው በዚያው ውጤት ነው። በግምት የተጫናችሁት ቁልፍ በኋላ መሣሪያችሁ ላይ ይመጣል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። «እርግጠኛ ካልሆንኩ አልጫንም» የሚል ጥንቁቅ ሰው። ትንኝ ከሩቅ ያለፈች ያህል ከመሰላችሁ ተጫኑ። የሚፈለገው እሱ ነው።

መሀል ላይ በአንዱ ጆሯችሁ እንደ ዝናብ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሊለቁባችሁ ይችላሉ። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። አንዱ ጆሮ ሲደክም ደህናው በራስ ቅል በኩል ይሰማና ይመልስለታል። ጫጫታው ደህናውን ጆሮ ሥራ ማስያዣ ነው። በአጭሩ ኩረጃ መከላከያ። ለእማዬ እንዲህ ብዬ ሳስረዳት ወዲያው ገባት።

«ጆሮዬን ጠርጌ ልሂድ»

ንጹሕ ሆኖ ሐኪም ፊት መቅረብ ጨዋነት ነው፤ ጆሮ ላይ ግን አይሠራም። ጥጥ ያለው እንጨት፣ ክብሪት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ አንዳንዱማ የመኪና ቁልፍ። እነዚህ ሁሉ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፉታል እንጂ አያወጡትም። የሞቀ ዘይት ጠብ የሚያደርጉም አሉ። ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ይሄ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ተዉት። መጀመሪያ ላይ በመብራት ያዩታል፤ ኩክ ከዘጋው እነሱ ያወጡታል።

ከጫጫታ ወጥቶ መሄድም ያው ነው። እሁድ ሰርግ ላይ ከስፒከሩ አጠገብ ውሎ ያመሸ ሰው ሰኞ ጠዋት ቢመረመር የሚለካው የደከመ ጆሮውን ነው። ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ወይም ጀነሬተር አጠገብ የምትሠሩም እንዲሁ። ቢያንስ 14 ሰዓት ጆሯችሁን አሳርፉት። ጉንፋን ከያዛችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ።

«መድኃኒቱ ከጆሮ ጋር ምን አገናኘው?»

ያገናኘዋል። ጄንታማይሲን፣ ለቲቢ የሚሰጡት ስትሬፕቶማይሲንና አሚካሲን፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። የወሰዳችሁትን ሁሉ ጽፋችሁ ሂዱ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

«እኔ እሰማለሁ፤ ሰዉ ነው የሚያጉረመርመው»

እማዬ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል ነበር። አንድ ቀን «ሰባት እንግዳ ይመጣል» አልኳት። «ሰባ?! ለሰባ ሰው ማን ነው እንጀራ የሚጋግረው?» ብላ ተነሣች። ውሸት አልነበረም፤ ድምፄን ሰምታዋለች። የጠፋባት «ት» ብቻ ናት። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምፅ ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ት» ይሳሳሉ፤ አናባቢዎቹ ግን ጎላ ብለው ይቀራሉ። ሰውዬው ድምፁ ይደርሰዋል፣ ቃሉ ይምታታበታል።

ለዚህ ነው ከፉጨቱ በኋላ ቃላት እያሰሙ «ድገሙት» የሚሏችሁ። የሰማችሁትን በሉ፤ ትርጉም ባይሰጥም በሉት። አፍሮ ዝም ማለት ለመርማሪው ምንም አይነግረውም። እማዬን አጅቦ የሄደ ሰው ደግሞ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከንፈሩን አያንቀሳቅስ። አንዱን ቃል ሳላስበው በአፌ ስላት ልጅቷ ወደ ኮሪደር አስወጣችኝ። ተገቢ ነበር።

ውጭ አገር ላላችሁ ይሄ ክፍል ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋሽንግተን ያለች አክስታችሁ የእንግሊዝኛ ቃል መድገም ቢያቅታት፣ ጥፋቱ የጆሮዋ ይሁን የቋንቋው አይለይም። ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ ተናጋሪ መሆኗን ንገሯቸው፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥራ ሁለት ዓመቱን የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት።

«40 በመቶ ጠፍቷል አሉኝ»

40 ዴሲቤል 40 በመቶ አይደለም። ዜሮ ዴሲቤልም ፍጹም ጸጥታ ማለት አይደለም፤ ጤነኛ የወጣት ጆሮ በአማካይ መስማት የሚጀምርበት ልክ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ20 ዴሲቤል በታች ያለው ደህና ነው፤ ከ35 እስከ 50 ያለው መካከለኛ ችግር ይባላል። በመቶኛ ብቻ ነግሯችሁ ወዲያው መሣሪያ ሊሸጥላችሁ የሚቸኩል ካለ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ውጡ። ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ በምትቀመጠው ትንሽ መሣሪያ መመርመራችሁንም ጠይቁ። ችግሩ ከታምቡሩ አካባቢ ይሁን ከውስጥ ጆሮ የሚለየው በእሷ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በሕክምና ወይም በቀዶ ጥገና ሊስተካከል ይችላል።

«ብርድ መትቶኝ ነው፤ ይለቀኛል»

ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ። ጠዋት ስትነሡ አንዱ ጆሮ ድንገት ድፍን ካለ ወይም መስማቱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከጠፋ ቀጠሮ አትጠብቁ። ኩክ ነው፣ ብርድ ነው እያላችሁ ሳምንት አታሳልፉ። በዚያው ቀን አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። የነርቭ ከሆነ የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ዕድሉ በጣም ይጠባል።

የእማዬ ውጤት በሁለተኛው ዙር በትክክል ወጣ። ወረቀቱን መነጽሯን አድርጋ አየችው። የቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ ኤክስ ነው የሚታየው፤ በየትም አገር የተለመደ ምልክት ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል ይወርዳል። እሷ ግን መስመሩን ትታ ኤክሶቹን ቆጠረች።

«ግራውን ሙሉ በሙሉ ጥዬዋለሁ» አለች አዝና።

ምልክት ብቻ መሆኑን ልጅቷ አስረዳቻት። እማዬ ትንሽ አሰበች።

«ታዲያ ኤክሱን ነበር በቀይ ማድረግ።»