ጨጓራ ታመው ስፖርት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከደሴ ዳገት የተማርኩት

ደሴ ላይ የሚኖር ሰው ስፖርት አልሠራም ቢልም ከተማው ያሠራዋል። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መሥሪያ ቤት፣ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ጨጓራም እንደ ዳገቱ በየቤቱ አለ። ቡና ተፈልቶ ሰው ከተሰበሰበ አንዱ "እኔ በአቦሉ ይበቃኛል፣ ጨጓራዬ አይችልም" ሳይል አይቀርም።

ከአምስት ዓመት በፊት በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ታይቼ የጨጓራ ቁስለት ተገኘብኝ። ያኔ በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ጦሳ ተራራን እወጣለሁ። ሩጫው ጨጓራዬን ያቆሰለው መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ሩጫው አልነበረም፤ ጉዳቱ ያለው ከሩጫው በፊትና በኋላ በማደርጋቸው ነገሮች ውስጥ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ሐኪሞቼ ያስረዱኝንና እኔው ተሳስቼ የከፈልኩበትን ነው።

በባዶ ሆድ፣ በቡና ብቻ ለሩጫ መውጣት

የደሴ ንጋት ይበርዳል። ስለዚህ አንድ ስኒ ቡና ፉት ብሎ፣ ኮፍያ አጥልቆ 12 ሰዓት ላይ መውጣት ደስ ይላል። ለታመመ ጨጓራ ግን መጥፎ አጀማመር ነው። ቡና ጨጓራው አሲድ እንዲያመነጭ ይቀሰቅሳል፤ አሲዱ ደግሞ የሚያርፍበት ምግብ የለም። በዚያ ላይ ጠንከር ያለ ሩጫ ሲጀመር ሰውነት ደሙን ወደ እግርና ወደ ልብ ስለሚያዞር ጨጓራና አንጀት የሚያገኙት ደም በእጅጉ ይቀንሳል። የጨጓራ ግድግዳ ራሱን ከአሲድ የሚከላከለውና የቆሰለውን የሚጠግነው በዚሁ ደም ነው።

በልቶ ወዲያው መሮጥም አይሆንም። ምሳ ወይም እራት ከተበላ ሁለትና ሦስት ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ቀለል ላለ ነገር ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ለእኔ የተስማማኝ አንድ ሙዝና ቀጠን ብሎ የተበጠበጠ በሶ ነው።

የቁስሉን ቦታ ማወቅም ይጠቅማል። ቁስሉ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመሙ በረሃብ ሰዓትና ሌሊት ይብሳል፣ ሲበሉ ይተዋል። ጨጓራው ውስጥ ሲሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምግቡ ራሱ ነው የሚቀሰቅሰው። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አይሆንም፤ ግን ሁለት ሳምንት ያህል የበሉበትን፣ የሮጡበትንና ያመመዎትን ሰዓት ወረቀት ላይ ቢጽፉ የራስዎን ሆድ ያውቁታል። ለሐኪምዎም ትልቅ እገዛ ነው።

የጡንቻ ሕመምን በዳይክሎፌናክ ማስታገስ

ሰው በብዛት ሲጎዳ ያየሁት በዚህኛው ነው። እኔንም የጣለኝ እሱ ነው።

ጦሳን የወጣ ያውቀዋል፤ ጭን የሚተሳሰረው በአቀበቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝና አንድ ፋርማሲ ገባሁ። "ጡንቻዬን አመመኝ" አልኩ። ስለ ጨጓራዬ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዳይክሎፌናክ ተሰጠኝ፣ እግሬ ቀለለኝ፣ ስለቀለለኝም መልሼ ሮጥኩ፣ መልሶ ሲያመኝ መልሼ ዋጥኩ። በስምንተኛው ቀን ሌሊት ከእምብርቴ በላይ እሳት የተለኮሰ ይመስል ከእንቅልፌ ነቃሁ።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፒሪን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው። ችግሩ፣ የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነው ልጋግ እንዲመነጭና በቂ ደም እንዲደርሰው የሚያደርገውም ያው ፕሮስታግላንዲን ነው። እግርዎን ሲያስታግሱ የጨጓራዎን ልብስ እየገፈፉ ነው ማለት ነው። የጨጓራ ቁስለት ሁለቱ ዋና መንስኤዎች ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እነዚህ መድኃኒቶች ናቸው።

የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ማታ ማታ በእግር መንሸራሸር ይወዳሉ። አንድ ቀን "እኔስ ክኒኑን ትቻለሁ ልጄ፣ መርፌውን ነው የምወጋው፤ መርፌ በሆድ አያልፍ" አሉኝ።

"አባባ፣ መርፌውም እኮ ያው ነው" አልኳቸው። "በደም ዞሮ ነው ጨጓራዎን የሚያገኘው።"

"ወላሂ?" ብለው ዝም አሉ። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እንደሳቸው የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፣ ወጣቱም ጭምር። ጉዳቱ የሚመጣው ክኒኑ ጨጓራን ስለነካ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ መኖሩ ይበቃል። በቆዳ ላይ የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ የተሻለ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሐኪም ጠይቀው ይጠቀሙ።

ታዲያ ጭን ሲተሳሰር ምን ይደረግ? ከስፖርት የመጣ የጡንቻ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን በራሱ ይለቃል። ቀስ ብሎ መራመድ፣ በሞቀ ውሃ መታጠብ፣ በደንብ መተኛት ይረዳል። መድኃኒት የግድ ከሆነ ለጨጓራ የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በታዘዘው ልክ፣ ምክንያቱም ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል። ፋርማሲ ሲገቡ ከሕመምዎ በፊት "ጨጓራ አለብኝ" ይበሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ አስፒሪን ለልብ ወይም ለደም ሥር በሐኪም ታዝዞልዎት ከሆነ በራስዎ ፈቃድ አያቁሙት። ያዘዘውን ሐኪም ሄደው ስለ ጨጓራዎ ይንገሩት።

"ዳገቱ ነው" ማለት

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ዳገቱ ነው። እኔም ለሳምንታት እንዲሁ ስል ቆየሁ። ድሮ ሳልቆም የምወጣውን መንገድ ሦስት ጊዜ እያረፍኩ መውጣት ጀመርኩ፤ ልቤ ትደልቃለች፣ ብድግ ስል ያዞረኛል። "አረጀሁ" አልኩ፣ "ብርዱ ነው" አልኩ።

ደም እያነሰኝ ነበር። የቆሰለ ጨጓራ በቀን ጥቂት ጥቂት ደም ሲያፈስ ምንም ላያምም ይችላል። ጠብ ጠብ እያለ ሳምንታት ይሄዳል። ቆላ ያለ ሰው ቶሎ የማያስተውለውን ድካም ደገኛው በዳገቱ ቀድሞ ሊያውቀው ይገባ ነበር፤ ግን እኛ ዳገቱን ስለለመድነው እሱን እናማለን። የለመዱት አቀበት ድንገት ከከበደዎት የደም መጠንዎን ይመርመሩ። ቀላል ምርመራ ነው።

የሚከተሉትን ካዩ ደግሞ ስለ ስፖርት ማሰብ ትተው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ በድንገት መጥቶ ሆድን እንደ እንጨት የሚያደርቅ ኃይለኛ ሕመም፣ ራስን መሳት። ሌሊት ነው ተብሎ እስኪነጋ አይጠበቅም። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ይሁንና ያንን የሚለየው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። ያለ ምክንያት መክሳትና ምግብ ለመዋጥ መቸገርም ቶሎ መታየት አለባቸው።

ሕመሙ ሲጠፋ መድኃኒቱን ማቆም

የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከበርበሬ ነው ሲባል ለብዙ ዘመን ቆይቷል። ሁለቱ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ግን ኤች ፓይሎሪን በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለዓለም አስተዋወቁ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በዚያው አቆጣጠር በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን የማነሳው፣ መነሻው ባክቴሪያ ከሆነ በርበሬ በመተው ብቻ እንደማይድን ለማሳየት ነው። በርበሬውና ሚጥሚጣው ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ እንጂ ቁስሉን የፈጠሩት እነሱ አይደሉም።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ ከኦሜፕራዞል ዓይነት አሲድ ቀናሽ ጋር ለ14 ቀን ይሰጣል። ስፖርተኛ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ይሻለውና ጫማውን አጥልቆ ይወጣል፣ ክኒኑን ይረሳል። ሕመሙን ያጠፋው አሲዱ መቀነሱ ነው፤ ባክቴሪያው ገና አልሞተም። ያኔ የተረፈው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ሁለተኛው ሕክምናም ይከብዳል። ቁስሉ እስኪደርቅ ደግሞ አሲድ ቀናሹ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊቀጥል ይችላል።

ኦሜፕራዞል ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ተብሎ ነው የሚወሰደው። እኔ በልቼ፣ ሮጬ፣ ታጥቤ ነበር የምውጠው፤ ግማሽ ጉልበቱን በከንቱ አባከንኩት። አሁን ከእንቅልፌ እንደነቃሁ ክኒኑን እውጣለሁ፣ ቀለል ያለ ቁርስ እበላለሁ፣ ከዚያ ነው የምወጣው።

ባክቴሪያው መጥፋቱን ማረጋገጥም አይዘንጉ። የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይደረጋል። በደም የሚታየው ምርመራ ከዳኑም በኋላ ለረጅም ጊዜ "አለብህ" ሊል ስለሚችል ለዚህ አይሆንም። በእሱ ብቻ ተደናግጠው መድኃኒቱን ደግመው የወሰዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ሆድን የሚጨምቅ እንቅስቃሴ

ሲት አፕ፣ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ብረት ማንሳት፣ እግርን ወደ ላይ ሰቅሎ መሥራት አሲዱን ወደ ጉሮሮ ይገፋዋል። ቃር ያለበት ሰው ቁስሉ እስኪድን ይተዋቸው። የሚያነሳም ቢሆን ቀለል ያለ ክብደት ይዞ ትንፋሹን እያወጣ ያንሳ። ጨጓራው ተበስቶ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ የውሃ ጀሪካን እንኳ ማንሳት የለበትም።

ከሩጫ በኋላ ያገኙትን መብላትና መጠጣት

ኮምቦልቻ ወርደው የሚሠሩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ። ከደሴ ጋር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢራራቁም ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱም ላቡም ሌላ ነው። ውሃ ያጠረው ሰው ወደ ጨጓራው የሚደርሰው ደም ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንዴ አንድ ጠርሙስ ከመገልበጥ ከሩጫው በፊት፣ በመሃሉና በኋላ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት ይሻላል። ከኳስ ጨዋታ በኋላ በባዶ ሆድ ቢራ፣ ለስላሳ ወይም አምቦ ውሃ መጠጣት ሆድን ይነፋል፣ ያቃጥላል። ሲጋራ ደግሞ ቁስሉ እንዳይድን ያዘገያል።

ወተት ያበርዳል ይባላል። ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል፤ ከዚያ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ ያመነጫል። ፌጦና ሎሚም ሲመከሩ እሰማለሁ፤ በተቆጣ ጨጓራ ላይ ሁለቱም ያቃጥላሉ። ከሩጫ በኋላ ለጡንቻ የሚሆነው ቤታችን አለ፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ አልጫ ክክ፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ በለስላሳ እንጀራ።

ጾምን ከስፖርት ጋር ሳያመቻቹ መያዝ

ወሎ ውስጥ ረመዳንም ሁዳዴም ከአንድ ግቢ ይጾማሉ። ቁስሉ አዲስ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ደም ፈስሶ ከነበረ፣ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪም ያማክሩ። ለታመመ ሰው በእስልምና ቀኑን አሳልፎ መክፈል ተፈቅዷል፤ በኦርቶዶክስም የንስሐ አባት ይጠየቃሉ። ሐኪሙ ፈቅዶ የሚጾም ሰው ከባዱን ልምምድ ከአፍጥር ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢያደርገው ይሻለዋል። ከአፍጥር በፊት ከሆነ ቀስ ያለ እርምጃ ብቻ። አፍጥርም በቴምርና በውሃ፣ በሾርባ ይጀመር፤ ሳምቡሳው ይቆይ።

ወይ ጨርሶ መተው፣ ወይ በአንዴ መመለስ

ሌሊት የነቃሁ ጊዜ ባለቤቴ "ከእንግዲህ ሩጫ የሚባል ነገር የለም" ብላ ጫማዬን ደበቀችው። ከፍቅር ነው። ሐኪሙ ግን "አብሽር፣ ትሮጣለህ፤ ብቻ አሁን አይደለም" አለኝ። ደም እየፈሰሰ ወይም ደም አንሶ እያለ እረፍት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቀላል እንቅስቃሴ ጨጓራን አይጎዳም፤ እንቅልፍን ያስተካክላል፣ ጭንቀትን ያቀላል።

ደሴ ላይ ሜዳ መሬት ብርቅ ስለሆነ መጀመሪያ የሄድኩት ሆጤ ሜዳ ነበር። ሁለት ሳምንት፣ በቀን 20 ደቂቃ እርምጃ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሦስት ደቂቃ እርምጃ። እየተነጋገርኩ መሮጥ ካቃተኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ብቻ ጨመርኩ፤ ሆዴ ባቃጠለኝ ሳምንት ምንም አልጨመርኩም። ጦሳን እንደገና የወጣሁት የደሜ መጠን ተስተካክሎ፣ የባክቴሪያው ምርመራ ነጻ ብሎኝ፣ በአምስተኛው ወር ነው። በማግስቱ ጭኔ እንደ ድሮው ተሳሰረ። ባለቤቴ ውሃ አሞቀችልኝ።