ቄቦች እንቁላል ሲጀምሩ፦ በጓሮ እርባታ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዕድሜዋ ደርሷል፣ ግን አልጣለችም። በብዛት የሚሰማው ስሞታ ይህ ሲሆን፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ሕመም ሳይሆን የዝርያ ልዩነት ነው። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን የተባሉት የውጭ ዝርያዎች 5 ወር ገደማ ሲሞላቸው ይጀምራሉ፤ የሐበሻ ቄብ ግን በጓሮ አያያዝ ከ6 ወር በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 7 ወር ትቆያለች። ከገበያ የተገዛች ከሆነም ዕድሜዋ የሻጩ ቃል ብቻ ነው፤ «ልትጥል ደርሳለች» ያልተባለላት ቄብ ደግሞ ገበያ ላይ አትገኝም። ስለዚህ ወር ከመቁጠር ይልቅ ገላዋን መመልከት ይሻላል። የአናቷ ሥጋ አድጎ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ እጅ ሲቀርባት ክንፏን ከፈት አድርጋ የምታጎነብስ ከሆነ፣ ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ባሉት ሹል አጥንቶች መካከልም ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ጥቂት መታገሥ ይበቃል። አንድ ጣት ብቻ በጭንቅ የሚያስገባ ከሆነ ገና ናት።

ምልክቶቹ ሁሉ እያሉ እንቁላል ካልተገኘ፣ ጥላ እየደበቀች ሊሆን ይችላል። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ስለምትጥል፣ ለአንድ ሳምንት ያህል እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ከቤቷ ሳትለቀቅ ውኃና መኖ እየቀረበላት ብትቆይ ነገሩ ይለያል። ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ፣ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጭድ የተነጠፈበት አንድ ሣጥን ጨለም ባለ ጥግ ማስቀመጥ፣ ከውስጡም በከሰል ምልክት የተደረገበት አንድ እንቁላል መተው ቦታውን ያስለምዳታል። ሣጥኑ ከቆጡ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ማደሪያ ታደርገዋለች።

መኖውም ይጠየቅ። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የሚበሉ ቄቦች ይወፍሩ ይሆናል እንጂ ለእንቁላል የሚሆን ፕሮቲን አያገኙም፤ የኑግ ፋጉሎ መጨመር ወይም የእንቁላል ጣይ መኖ መግዛት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ብዙ በመሆኑ ለትንንሽ ቄቦች ኩላሊት ጎጂ ነውና፣ ከ18 ሳምንት ገደማ ወይም ከመጀመሪያው እንቁላል በፊት አይጀመር።

ቅርፊቱ የለሰለሰ ወይም ጭራሹን የሌለ እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፎ አልፎ ቢታይ አያሳስብም፤ ከቀጠለ ግን ብዙውን ጊዜ የካልሲየም እጥረት ነው። የእንቁላል ቅርፊት አድርቆና አድቅቆ፣ ከመኖው ጋር ሳይቀላቀል በተለየ ዕቃ ማቅረብ ነው። ሳይደቅ ከተሰጠ እንቁላል መብላት ሊያስተምራት ይችላል። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ማነስ፣ አስኳል ማጣት ወይም ሁለት አስኳል መያዝ መድኃኒት አይሻም።

ብርሃንን በተመለከተ፣ በአገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቄቦች ያለ አምፖል ይጀምራሉ። ምርት ለመጨመር ከንጋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ አምፖል ማብራት ይቻላል፤ ሰውነታቸው ሳይጠና ግን አይደረግ፤ ያለጊዜው የጀመረች ቄብ የእንቁላል መውጫዋ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላልና።

ጀምረው የነበሩት በአንድ ጊዜ ካቆሙ በቅድሚያ ውኃቸው ይታይ፤ በሙቀት ቀን ለጥቂት ሰዓታት እንኳ መጠማት ምርትን ይቀንሳል። ማሳልና አረንጓዴ ተቅማጥ ከታከለበት ፈንግል ሊሆን ስለሚችል፣ የታመሙትን ለይቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት እንጂ መጠበቅ አይገባም። ጅራቷን ጥላ የምታምጥ ቄብም እንዲሁ ጊዜ አይሰጣትም፤ እንቁላሉ ተቀርቅሮባት ሊሆን ስለሚችል፣ ከወገቧ በታች ለብ ባለ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ ሞቅ ባለ ጸጥተኛ ቦታ ማስቀመጥ፣ ካልወጣላትም እንቁላሉን በእጅ ለመስበር ሳይሞክሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።