በጣልያን ዘመን ድንጋይ ላይ ዓመቱን ለማንበብ

ከደሴ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የጣልያን ዘመን ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ወይም ድልድይ ካጋጠማችሁ፣ «ኢ ኤፍ» (E.F.፣ «የፋሺስት ዘመን» ማለት ነው) ከሚሉት የላቲን ፊደላት አጠገብ ያለውን የሮማ ቁጥር ፈልጉ። ፋሺስቶች ዘመን ይቆጥሩ የነበረው ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ቁጥሩ ላይ 1914 ደምሩ፤ 15 ከሆነ 1929 ዓ.ም. ይሆናል። ዓመታቸው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ስለሚለወጥ እስከ 1930 መግቢያ ይዘልቃል።

ጽሑፉ ከደበዘዘ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ካልሆነም የስልክ መብራት ከጎን አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱት። በቀትር ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታው ጥላ የለም፣ ፊደሉ ይጠፋል። አቧራውን በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱ። እባካችሁ የሽቦ ብሩሽ፣ ቀለምና አሲድ አታስነኩት! ሽቦው የፊደሉን ጠርዝ ይልጋል፣ አሲድም ኖራና ሲሚንቶውን ይበላዋል። መኪናችሁን ግን ኩርባ ላይ አታቁሙ።